የበሮቹ ላይብረሪ በማን እጅ ነው

ባሱንዳ ላይ የሰሊጥ መጋዘን ያላቸው አንድ ሐጂ በር አዘዙኝ። ባለ ሁለት ክንፍ፣ ሎሪ የሚያስገባ፣ በወፍራም ላሜራ የተለበጠ። ፍሬሙን ገዳሪፍ ያለው ወርሻዬ ሠራው፤ ወርሻ የምንለው ብረት የሚቆረጥበትንና የሚበየድበትን ቤት ነው። ክንፎቹን ደግሞ የዶካው ወርሻዬ ሠራቸው። ሁለቱ ባሱንዳ ሜዳ ላይ ሲገናኙ በግድ እንደተዳሩ ሙሽሮች ሆኑ፤ አንዱ ወደ አንዱ አልጠጋም አለ። የፍሬሙ ማጠፊያ ወደ ላይ፣ የክንፉ ማጠፊያ ወደ ታች። በያጁ በመዶሻ ሊያስታርቃቸው ሲታገል ሐጂው አንጋሬብ በሚሉት የገመድ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ሻይ እየጠጡ ያያሉ። በስንት መከራ ክንፎቹ ተሰቀሉ። በመካከላቸው በቀረው ክፍተት አንዲት ፍየል ገባች፤ መጋዘኑን ዞር ዞር ብላ አየችና ተመልሳ ወጣች።

«ደግ በር ነው የሠራህልኝ» አሉ ሐጂው ብርጭቋቸውን አስቀምጠው። «ሌባ ቢመጣ አያንገላታውም።»

ይህች ቃል እስከ ገዳሪፍ ድረስ ስትበላኝ መጣች።

እኔ ብረት ነጋዴ ነኝ። ድንበሩን ወደ ሱዳን የተሻገርኩት እናቴ ጀርባ ላይ ታዝዬ ነው። ማንበብ የለመድኩት ከእርዳታ ስንዴ ጆንያ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ያነበብኩት ነገር «አይሸጥም» የሚል ነበር። ጆንያው ግን ገበያ ላይ ተዘርግቶ ይሸጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተጻፈን ነገር አከብራለሁ፤ አምኜ ግን አላድርም።

ሦስት ወርሻ ነበረኝ፦ ገዳሪፍ፣ ዶካ፣ ድንበሩ ላይ ደግሞ ገላባት። በኮምፒዩተር ንድፍ የሚያወጡልኝ ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ አንዱ ገላባት፣ ሌላው ዶካ። የገዳሪፍ በያጆች ከሁለቱ በመጣላቸው ንድፍ ይሠራሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እኛም ብንሆን የገላባቱና የዶካው እያልን ነበር የምንጠራቸው።

የገላባቱ የጎንደር ሰው ነው። አርባን ተሻግሯል፤ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቶ ጦርነቱ ከመካከል ያስወጣው፣ እጁም ምላሱም የተሳለ። ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለው የስደተኞች ካምፕ፣ በሸራ ቤት ይኖራሉ። የዶካው እዚሁ ሱዳን የተወለደ ነው፤ አማርኛውን ይጀምርና በዓረብኛ ይጨርሰዋል። የሱዳን ወረቀት አለው፣ ሚስት የለውም፣ ሰው ሲቆጣው ይስቃል። የገላባቱ እኔን ጋሼ ይለኛል። የዶካው ያ ዐሚ፣ አጎቴ፣ ይለኛል።

ከባሱንዳ በተመለስኩ ማግስት የገላባቱን አስጠርቼ እንደ ሐጂው አድርጌ፣ ሻይ ይዤ፣ ተሳደብኩ። ሰውየው አልደነገጠም።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ ማጠፊያውን ሁለታችንም መሳላችን ነው» አለኝ። «ማጠፊያ አንድ ጊዜ ነው የሚሳል። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ሰው ያነኑ እያመጣ ይተክላል እንጂ ማንም አይስልም።»

«ከየት ነው የሚያመጣው?»

«ከላይብረሪው።»

«መጽሐፍ አለው?»

«የለውም። ማጠፊያ አለው፣ መቀርቀሪያ አለው፣ ፍሬም አለው፣ የመስኮት ብረት አለው። ሁሉም በልኩ፣ በውፍረቱ፣ በስሙ። ክላውድ ላይ ይቀመጣል።»

«ደመና ላይ?»

«ደመና ይሉታል እንጂ የሰው አገር ኮምፒዩተር ነው። እኔ እዚህ ማጠፊያውን ባስተካክል ዶካም ይስተካከላል።»

ይህ ነገር ገባኝ። ገበያ ውስጥ ሁሉም በአንድ ሚዛን ካልመዘነ ጠብ ነው፤ እሱ የሚለኝ አንድ ሚዛን እናብጅ ነው። ከዚያ በፊት ንድፍ የምንለዋወጠው በፍላሽ ነበር። የገላባቱ ለአውቶቡስ ሾፌር ይሰጠዋል፤ ሾፌሩ ከመስታወቱ ላይ ከመቁጠሪያው ጋር ያንጠለጥለዋል፤ ገዳሪፍ ሲደርስ ሁለት ንድፍና ሾፌሩ ያስጫነው አንድ ሙሉ ሰርግ ዘፈን ይዞ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ፍላሹ ዶካ ላይ ከሾፌሩ ጋር ወርዶ ምሳ በልቶ ቀረ። ስለዚህ ደመናውን ወደድኩት። ሾፌር የለውም።

የገላባቱ በጋውን ሙሉ ሠራው። ገላባት ላይ የሳተላይት ኢንተርኔት የሚሸጥበት የሣር ጥላ አለ፤ ኮምፒዩተሩን ይዞ ከኮንትሮባንዲስቱም ከፌስቡከኛውም መሀል እየተቀመጠ ማጠፊያ ይጭን ነበር። ሲያልቅ፣ ከዶካ ክንፍ ከገዳሪፍ ፍሬም አድርገን የሐጂውን በር እንደገና ሠራንላቸው። በአንድ ልጅ እጅ ተገፍቶ ተዘጋ። ሐጂው ከፈቱት፣ ዘጉት፣ እንደገና ከፈቱት።

«ፍየሏ ትከስሃለች» አሉኝ።

የገላባቱ አንድ ሕግ አወጣ። ላይብረሪውን ሁሉም ያያል፣ ሁሉም ይወስዳል፤ የሚነካው ግን እሱ ብቻ ነው። «ሁሉም ጨው የሚጨምርበት ወጥ አይበላም» አለኝ። እውነቱን ነው። ሕጉ ትክክል ነበር። ሕግ ትክክል ሲሆን ነው ሰው ክፉ የሚሆንበት፤ ክፋቱን ከሕጉ ኋላ ይደብቃል።

የዶካው አንድ ቀን ለአህያ ጋሪ በር ሰፋ ያለ ማጠፊያ አስፈለገው። በስልክ ድምፁን ቀድቶ ላከ፦ «ኡስታ፣ እባክህ፣ አንድ ትልቅ ማጠፊያ ጨምርልኝ፣ ዘቡኑ ቆሟል፣ ወላሂ ቆሟል።» ኡስታ ባለሙያ፣ ዘቡን ደንበኛ ነው። መልስ የለም። እንደገና ላከ። የገላባቱ በማግስቱ ሁላችንም በምንሰማው ግሩፕ መለሰ፦ «ዘቡንህ ከቆመ ወንበር ስጠው።» ደንበኛው ሌላ ቤት ሄደ።

ለሚቀጥለው ደንበኛ የዶካው ጨክኖ ማጠፊያውን በራሱ ኮምፒዩተር አሰፋው። በሩ ሲሰቀል ተጣመመ። የገላባቱ ይህን ሲሰማ ላይብረሪው ውስጥ አዲስ ነገር ጨመረ። በስርዓቱ የተሳለ፣ ልኩ የተጻፈ፣ በግራም በቀኝም ማጠፊያ ያለው በር። በሁለቱም ወገን ስለታሰረ ወደየትም የማይከፈት። ስሙን «የዶካ በር» አለው። ላይብረሪውን የከፈተ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ሆነ። የገዳሪፍ በያጆች በጠመኔ ላሜራ ላይ ሳሉት። የዶካው ብረት ሊወስድ ሲመጣ ገና ከራክሻው፣ ከባጃጁ፣ ሳይወርድ ተቀበሉት።

«ኧረ ቀስ ብላችሁ ክፈቱለት!»

«በየት በኩል? ሰውዬው እኮ መክፈቻ የለውም!»

«እናቱ እንዴት ወለደችው ታዲያ?»

የዶካው አብሯቸው ሳቀ። አንገቱን በመሐረብ ጠረገና «ማዕሌሽ፣ ማዕሌሽ» አለ፤ ግድ የለም ማለቱ ነው። እኔም ሳቅሁ፤ ቀልዱ የሚያስቅ ነበር። ለገላባቱ ግን ደውዬ አውጣው አልኩት። «ለትምህርት ነው ጋሼ» አለኝ። አላወጣውም። እኔ ደግሞ ላወጣው አልችልም፤ በገዛ ብረቴ፣ በገዛ ኮምፒዩተሬ፣ እንደ ማንም ሰው ማየት ብቻ ነበር የምችለው። ያን ጊዜ ነገሩን ልብ አልኩት።

ከዚያ ገላባት ሞተች። ከወዲያ ተኩስ ይሰማል፣ ከወዲህ ፍተሻ፤ መተላለፊያው ሲዘጋ ሲከፈት ሎሪዎቹ መምጣት ተዉ። በር የሚያሠራ የለም፤ ሰው ያለውን በር ነቅሎ ይዞ የሚሸሽበት ጊዜ ሆነ። ወርሻውን ልዘጋ ወሰንኩ። ንድፍ ሠሪም ሁለት አያስፈልገኝም፤ አንድ ሰው ገዳሪፍ ተቀምጦ ለሁሉም ያወጣል። ሥራው ከመኖሪያ ክፍል ጋር ነው። የወርሻው ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ፣ አንድ የጡብ ክፍል አለ። ቆርቆሮው የማያፈስ፣ ቧንቧው ደጁ ላይ ያለ። ኸሪፍ እየመጣ ነበር። የገዳሪፍ ክረምት የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ጥቁሩ አፈር ጫማ ይውጣል፣ የካምፕ ሸራ ደግሞ ከላይ ውሃ ከታች ውሃ ነው። የገላባቱ ትንሿ ልጅ ባለፈው ክረምት ሳንባዋን ታማ ለትንሽ ተርፋለች። ስለዚህ ለሱ ያ ክፍል ክፍል ብቻ አልነበረም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ በያጆቹም ያውቃሉ።

እሱም ወዲያው ደወለ።

«ጋሼ፣ መቼ ልምጣ?»

«ገና አልወሰንኩም።»

«ምን ይወሰናል? ላይብረሪው ያለው እኔ ጋ ነው። እኔ የምሄድበት ነው የሚሄደው።» ድምፁ ለስላሳ ነበር።

«እያስፈራራኸኝ ነው?»

«ኧረ በስመ አብ! እንዲያው ነገሩን ልንገርዎ ብዬ ነው።»

በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት የገዳሪፍና የዶካ ኮምፒዩተሮች ላይብረሪውን አናይም አሉ። ተዘግቷል። መቁረጫው ቆመ፣ ብየዳው ቆመ፣ በያጆቹ ጥላ ሥር ዶሚኖ ዘረጉ። የዳቦ ቤት በር ልወስድ ብሎ የመጣ ሰው አብሯቸው መጫወት ጀመረና አሸነፋቸው። ከቀትር በኋላ ተከፈተ። ደወልኩለት።

«ሸበካ ይሆናል ጋሼ» አለኝ። ሸበካ ኔትወርክ ነው። «አሁን መጣ አይደል? እንኳን መጣልዎ።»

ሠላሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው ገበያ ውስጥ። ጉምሩክ አስሮኛል፣ ሾፌር ክዶኛል፣ ሸሪክ ሸጦኛል። ሁሉም ግን ከውጭ ነው የመጡት። የሱቄን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ አድርጎ «እንኳን መጣልዎ» ያለኝ የለም። እዚያው ላይ ወሰንኩ፤ ክፍሉ የዶካው ነው። የዶካው እንደሱ ጎበዝ አይደለም፤ ማጠፊያው ከተሳለ በኋላ ግን ጎበዝ ምን ያደርግልኛል? ላይብረሪ ማለት ይኸው አይደል? አንዱ ጎበዝ አንድ ጊዜ ይሠራውና ሰነፍም ይጠቀምበታል። ይህን ያስተማረኝ እሱ ነው።

የቀረው ላይብረሪውን ከእጁ ማውጣት ነበር። ይህን እያሰብኩ ሳለ የገላባቱ ሽማግሌ ላከብኝ።

ሦስት ሆነው መጡ። ትልቁ ሽማግሌ ገዳሪፍ ላይ ያልዳኘው ጠብ የለም፤ ግመልና መኪና ያስታረቀ ሰው ነው ይሉታል፣ ባለቤቶቹን ማለታቸው ነው። ሁለቱ አጃቢዎች ናቸው፤ እሱ ሲናገር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጥላው ሥር አስቀመጥኳቸው። የገላባቱን በስልክ አስገቡት፤ ስልኩ ብርጭቆ ላይ ተደግፎ መካከላችን እንደ አራተኛ ሽማግሌ ተቀመጠ።

«እንግዲህ ልጄ» አለ ትልቁ ሽማግሌ፣ «ይህ ሰው ደመና ላይ ያስቀመጠው ሀብት አለው አሉን። መጀመሪያ እሱን አስረዳን። ሲዘንብ ይወርዳል?»

«አይወርድም አባቴ።»

«ታዲያ የምን ደመና ነው?»

ስልኩ ሳቀ። «አባቴ፣ ደመናውን ይተዉት። እንደ እህል ጉድጓድ ያስቡት። እህሉ የሁሉም ነው፣ ክዳኑን የሚያነሣው ግን አንድ ሰው ነው።»

«እህ! አሁን ገባኝ። ክዳኑ ያንተ ነው።»

«የኔ ነው። እኔ የምለው፣ ጋሼ ክፍሉን ለኔ ይበሉ። በእናንተ ፊት።»

ሽማግሌው ወደኔ ዞረ። እኔ ዝም አልኩ። ነጋዴ ዝም ሲል ሌላው ሰው ዋጋውን ራሱ ይቀንሳል፤ የማያውቅ ግን ይጨምራል። የገላባቱ ጨመረ።

«እሺ ጋሼ፣ እንዲህ ይበሉ። ላይብረሪው በእጄ እስካለ ድረስ ክፍሉ የኔ ነው። ከእጄ የወጣ ቀን ያስወጡኝ! ከዚህ ወዲያ ምን ልበል?»

«ፍትሐዊ ነው» አለ ሽማግሌው። አጃቢዎቹ ነቀነቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ አገር፣ ወረቀት የሌለው ሰው የስልክ መስመር የሚያወጣው በሰው ስም ነው። በሻይ ሻጭ፣ በሾፌር፣ በጎረቤት ስም። ባለ ስሙ ሲቀየመው ወይ ሲሰደድ መስመሩ ይሞታል፤ ስደተኛ ቁጥር እንደ ጫማ ነው የሚቀያይረው። የገላባቱ ላይብረሪውን የሚያስቀምጥበትን ቦታ ሲከፍት ገዳሪፍ፣ እኔ ሱቅ ውስጥ ነበር። ማሽኑ ስልክ ቁጥር ጠየቀው። የራሱ መስመር በአንድ ሾፌር ስም ነበረና ሥራው ከሾፌሩ ጋር አብሮ እንዳይጠፋበት ፈራ። «የጋሼ ቁጥር አይጠፋም» አለና የኔን አስገባ። ማረጋገጫ ቁጥሩ እኔ ስልክ ላይ መጣ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ከዚያ የይለፍ ቃሉን ሊጽፍ ጀርባውን አዞረብኝ። ቃሉን እንዳላይ ነው የተጠነቀቀው። ቁጥሩን ረሳው። ወይም አምኖኛል፤ ለኔ ሁለቱም አንድ ናቸው።

እኔ የሰጠሁትን ቁጥር አልረሳም።

«እሺ» አልኩ። «ላይብረሪው በእጁ እስካለ ድረስ ክፍሉ የእሱ ነው። ከእጁ ከወጣ የኔ ነው፤ ለፈለግሁት እሰጣለሁ።»

«በቃልህ ነህ?»

«በቃሌ ነኝ።»

«እልልታ የሚያውቅ የለም እንዴ እዚህ ቤት!» አለ ስልኩ። በያጆቹ ከኋላ አፏጩለት። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ሻይ ጠጡ፣ ሄዱ።

እሱ የገላባትን ወርሻ ጠቅልሎ ሎሪ ላይ የጫነ ቀን ሾፌሩ ደወለልኝ፦ ተነሥተናል። መንገድ ላይ ሸበካ የለም፤ ኮምፒዩተሩ በጆንያ ተጠቅልሎ ከብየዳ ማሽኑ ጋር ታስሯል። የዶካውን ከበፊቱ ቀን አስጠርቼ ገዳሪፍ አሳድሬው ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ክፈት» አልኩት። «የይለፍ ቃሉን ረስቻለሁ በለው።»

ገባው። እጁን ከሰሌዳው ላይ አነሣ። «ያ ዐሚ… ሐራም አይደለም? ሰውየው እኮ ክፉ ቢሆንም…»

«በግራም በቀኝም የታሰረው በር ማን ይባላል?»

ጆሮው ቀላ። ተጫነው። ስልኬ ጠራች። የመጣውን ማረጋገጫ ቁጥር አነበብኩለት፤ እንደዚያን ቀን ጮክ ብዬ አይደለም። አዲስ የይለፍ ቃል አስገባ። ይህን ያህል ነው። አንድ በጋ ሙሉ በሣር ጥላ ሥር የተሠራ ነገር፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ።

«እሱንስ ምን ላድርገው?» አለኝ የዶካው። «እንደ እኛ ያይ? ወይስ ይውጣ?»

«ማየቱን ያይ» አልኩት። የሰው ዓይን ለመከልከል ምክንያት አልነበረኝም።

የዶካው ትንሽ አሰበና አስወጣው። አየሁት፤ አልተናገርኩም። ቀጥሎ የማይከፈተውን በር አገኘው። ያጠፋዋል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ሥሩ ያለውን ስም አጥፍቶ «የገላባት በር» ብሎ ጻፈበት።

ሎሪው ረፋዱ ላይ ገባ። የገላባቱ ከካምፑ ጎራ ብሎ ቤተሰቡን ጭኖ ነው የመጣው። ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ ድስት፣ አንድ የታሰረች ዶሮ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለቱ ልጆች። ትልቁ ሽማግሌም ቤቱን ሊመርቅ መጥቶ ጥላው ሥር ተቀምጧል። ሚስቲቱ ቀድማ ወረደች። ቀጭን ናት፣ ዓይኗ መሬት መሬት ያያል።

«እንደምን ሰነበቱ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ልጅዎን ይባርክልዎ» አለችኝና መልሴን ሳትጠብቅ ከጭነቱ መሀል መጥረጊያዋን መዝዛ ወደ ክፍሉ ገባች። ወዲያው ስትጠርግ ተሰማን።

የገላባቱ ደግሞ ቀጥታ ወደ ጠረጴዛው። «እስቲ ልጆቼን ልያቸው» አለ፤ ማጠፊያዎቹን ማለቱ ነው። ተቀመጠ። ጻፈ። አልከፈተለትም። ቀስ ብሎ፣ በአንድ ጣት፣ ድጋሚ ጻፈ።

«ሸበካ የለም እንዴ?»

«ሸበካ አለ፣ ኡስታ» አለ የዶካው። ከኋላው ቆሞ ነበር።

የገላባቱ ዞሮ አየው። ከዚያ እኔን አየ። ከዚያ ስልኬን፣ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን። ጎበዝ ሰው ነው ብያችኋለሁ፤ ሌላ ማብራሪያ አልጠየቀም።

«ጋሼ» አለ፣ «ያነን ቁጥር እኮ አምኜ ነው የሰጠሁዎ።»

«የኔን ቁጥር ነው ለኔ የሰጠኸኝ።»

ተነሥቶ ወደ ሽማግሌው ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት። እየተንተባተበ አስረዳው። ሽማግሌው እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማው።

«ኮፒውማ አለኝ!» አለ የገላባቱ። «አባቴ፣ ሁሉም እኔ ኮምፒዩተር ላይ አለ። ከእጄ አልወጣም! እዩት፣ ላውጣው?»

«አውጣው» አልኩት። «አንድ ማጠፊያ አስተካክልበት። ዶካ ላይ ከተስተካከለ ክፍሉ ያንተ ነው።»

ኮፒ ሬሳ እንደሆነ፣ ሕይወቱ ያለው የጋራው ላይ እንደሆነ ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ሽማግሌው ወደ ክፍሉ ዞሮ አየ። ከክፍሉ የመጥረጊያው ድምፅ ይመጣል። ትንሿ ልጅ ሎሪው ላይ ሆና ለዶሮዋ የሆነ ነገር ትነግራታለች።

«እኔ ደመና ላይ አልፈርድም» አለ በመጨረሻ። «በሰማሁት ቃል ነው የምፈርደው። ‹ከእጄ የወጣ ቀን አስወጡኝ› ያልከው አንተ ነህ። ወጥቷል። ይህ ሰው በቃሉ ነው።» በትሩን ተደግፎ ተነሣ። ሻዩ እንደተቀዳ ነበር። «ሻዩን ለውሻ ስጠው» አለኝና ሄደ። ፈረደልኝ፤ ፊቴን ግን አላየም። ገበያ ውስጥ ከሁለቱ የሚበልጠው ፍርዱ ነው።

ሾፌሩ ላብ ጠርጎ «ላራግፍ ወይስ አላራግፍ?» አለ። በያጆቹ ብየዳቸውን አቁመው ያያሉ፤ አንዳቸውም ቀልድ አልነበራቸውም። የገላባቱ እንደ ሕፃን ክንዴን ያዘኝ።

«ይህን ክረምት ብቻ ጋሼ። መጋረጃ ልጋርድና ከዶካው ጋር እንኖራለን። መቁረጫው ላይ አስገቡኝ፣ ብረት ልሸከም። እሷ ያችን ሸራ ድጋሚ አትችላትም፣ ትንሿ።»

ብረት ተሸካሚ ያስፈልገኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር አንድ ሳይሆን ሁለት። ነገር ግን አንድ ጊዜ ቁልፌን ይዞ የነበረ ሰው ግቢዬ ውስጥ ተኝቶ በየቀኑ ያንን ጠረጴዛ ሲያይ ሊኖር ነው። እባብ ለእባብ ይተያያሉ ካብ ለካብ ይላል ያገሬ ሰው። አንዱ ካብ እስኪናድ መጠበቅ አልፈለግሁም።

«አይሆንም» አልኩት። «ሂድ፣ ለሚስትህ ንገራት።»

«እርስዎ ይንገሩልኝ።»

«የኔ ሚስት አይደለችም።»

ሄደ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ነገራት። ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ መጥረጊያው ሲቆም ብቻ ነው የሰማሁት። እሷ ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ትረግመኛለች ብዬም ተዘጋጅቼ ነበር፤ እርግማን ብዙ ሰምቻለሁ፣ ከብረት ጋር አብሮ የሚሸጥ ነው። የወጣላት ድምፅ ግን የደከመ ብቻ ነበር።

«ግማሹን ጠርጌዋለሁ እኮ» አለችው። «ግማሹ የተጠረገ ቤት አይተውም፣ ለልጆች ጥሩ አይደለም።»

መጥረጊያው እንደገና ጀመረ። ሎሪው ሞተሩን አስነሥቶ ጠበቃት። የብረት ዝገቱን፣ የሸረሪት ድሩን፣ የድሮ ሲጋራውን ሁሉ ጠርጋ አወጣችው። ከቧንቧው በጀሪካን ቀድታ ወለሉን ረጨች፣ በጨርቅ አበሰችው። ባሏ እንዳይረዳት በእጇ መለሰችው። ስትጨርስ መጥረጊያዋን አራግፋ ያዘች። የዶካው የራሱን ፍራሽ ተሸክሞ መንገዷ ላይ ቆሞ ነበር፤ የት ይግባ ሳያውቅ።

«ጥግ ጥጉን ምስጥ ይዞታል» አለችው። «ሳታቆይ ናፍጣ አፍስስበት፣ ቆርቆሮው ድረስ ይወጣል።»

«እሺ እናቴ» አለ፤ በዕድሜ ብዙም አትበልጠውም።

ሴትየዋ ሎሪው ላይ ወጣች፣ ትንሿን ልጅ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ሎሪው ወደ ካምፑ መንገድ ታጠፈ። በምሥራቅ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። በያጆቹ ወደ ብየዳቸው ተመለሱ፣ እኔም ወደ ሱቄ። የዶካው ፍራሹን እንደተሸከመ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ እሷ ያጠበችው ወለል እስኪደርቅ ጠበቀ።